በታፔላው ጥግ

ደብረ ማርቆስ ሲመሽ
ከመናኸሪያው በታች ያለው መንገድ ይነጋል፤
ባጃጁ ይጮሃል፣
ሻጩ ይምላል፣ ገዢው ያንገራግራል፤
ብርድ የፈራው ሁሉ ጋቢውን ደርቦ ለማየት ይወጣል።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ መሰላል ላይ ቆሜ የጻፍሁት ሰፈር
እኔኑ ያነባል፣ እንደ ሰው ደብዳቤ፣ ከራስ እስከ እግር።

ወፍጮ ቤቱን ጻፍሁ፣
ፎቶ ቤቱን ጻፍሁ፣
«ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይሞክሩ» ያልሁት እኔ ነበርሁ፤
ፀጉር ቤቱ ላይም
አንዲት ቆንጆ ስዬ፣ አፍንጫዋን ስቼ፣
የቤቱ እመቤት «ይቺ እኔን ናት?» ብላ
ግማሽ ዋጋ ከፍላኝ ሄድሁ ተቆጥቼ።

አሁን ግን ፊደሉ ይሮጣል።
ቀይ ሆኖ ይገባል፣ አረንጓዴ ይወጣል፤
«ታላቅ ቅናሽ» ሲል፣ ጨርሼ ሳላነብ «ታላቅ» ብቻ ይቀራል።
ቀለም አይሸትም፣ እጅም አይነካውም፤
ከካርቶን ይወጣል፣ ሶኬት ይሰኩታል፣ የጻፈው አይታወቅም።
እኔን የሚጠሩኝ አጥር ላይ «መሽናት ያስቀጣል» ለማለት፤
ሌሊት ማንም አያነበው፣
ሌሊት ነው የሚሸናበት።

ቡቲኩ በር ላይ ቬሎ የለበሰች ራስ የሌላት ሙሽራ፤
ዋጋዋ ደረቷ ላይ፤
ሚዜዎቿ እጅጌ ብቻ፣ ማንጠልጠያ ላይ ተሰቅለው በተራ።
ጭማቂ ቤት ገብተው፣ ሁለት ተማሪዎች አንድ ስፕሪስ ለሁለት፤
አቮካዶው ለእሷ፣ ማንጎው ለእሱ ደርሶት፤
ከጎን ከረምቡላ፣ ኳስ ከኳስ ሲላተም፣ ሲቆጠር በጩኸት፤
ከፎቁ ላይ ደግሞ
አሥር ብር ተከፍሎ እንግሊዝ የሚሮጥበት።
ውባለም ካልሲ ሻጯ፣ በስልኳ ባትሪ ብርሃን፣
«ሦስቱን በመቶ ብር!
አንድ እግር ላለውም ነጣጥለን እንሸጣለን!»
ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።
ገዢ አለው ዘንድሮ።

ከሁሉ መጨረሻ የገደፋው ሱቅ ነው።
ጫማ ነጋዴ ነበር፤ አፈሩ ይቅለለው።
የዚያን ጊዜ ስጽፍለት፣ ቸኩዬ ወይ ርቦኝ፣
«ጫማ ቤ» ላይ ቦታ አለቀብኝ።
ከመሰላሉ ሥር ቆሞ ሆዱን ይዞ ሳቀ፦
«ገደፋው እኔ ነኝ፤ አንተን ምን አስገደፈህ?
ግዴለም፣ እዚያች ጥግ ላይ ሸጉጣት።»
ሸጎጥኋት።
ትንሿን «ት»፣ እናቷ ቀሚስ ሥር እንደተደበቀች ልጅ፤
ከሥሯ ደግሞ ስሜን፣ በተረፈኝ ቢጫ፦
አንለይ።

ልጁ ስልክ ይሸጣል። በታፔላዬ ላይ መብራቱን ሰቅሎበት፣
«ገደፋው» ተሸፍኗል፣ «ጫማ»ም ተሸፍኗል፤
ጥጓ ብቻ ቀርታለች፣ ያችው ትንሿ «ት»።

እዚያ ቆሜ ሳለሁ
መብራት ጠፋ።

እንግሊዝ ጠፋ። ሙሽራዋ ጠፋች። ታላቁም ቅናሽ ጠፋ።
መንገዱ በአንድ አፍ «እህ!» አለ፤
ከረምቡላው ቤት ውስጥ
አንዲት ኳስ ብቻዋን ስትንከባለል ተሰማች፤
የት እንደደረሰች ያየ የለም።

ያኔ አንድ ባጃጅ ሲዞር
የፊት መብራቱ ግድግዳውን ጠርጎ ጥጓ ላይ ዐረፈ፤
ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ጮክ ብላ አነበበች፦
«አንለይ።»
አጠገቧ ያለው፣ ከየት እንደመጣ ሳያጣራ፣
«እሺ» አላት።
እኔ በጨለማው ውስጥ
«አቤት» ልል አፌን ከፈትሁ።

ወዲያው ጄኔሬተሩ ተነሣ፤
ሙሽራዋም መጣች፣ ቅናሹም ከነታላቅነቱ፤
የገደፋው ልጅ ከበሩ ብቅ ብሎ
«ጋሼ፣ ምን ልስጥዎ? ቻርጀር ነው?» አለኝ።
«የለም፣ ሳልፍ ነው።»
ዳገቱን ስወጣም ያልተባለችውን «አቤት»
እንደ ከረሜላ በጉንጬ ይዣት ነበር፤
ቤቴ እስክደርስ አልሟሟችም።